በመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር

አያቴ ያን ዕለት ደረታቸውን የመቱት ለኢማም ሁሴን ሐዘን ነበር ወይስ ለልጃቸው መልስ ሲሰጡ?

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ብትጠይቁኝ ሳላመነታ እመልስላችሁ ነበር። ሰገነት ላይ ሆኜ በዐይኔ አይቻለሁና። አሁን ስንት አገር ዞሬ፣ ስንት ነገር ተምሬ፣ በኢራን የወደብ ከተማ በቡሽህር ወዳለው ባዶ ቤታችን ተመልሼም አላውቀውም። የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ።

አጎቴ ሲያማክ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከጀርመን የመጣው ሙሐረም፣ ኢማም ሁሴን የሚለቀስላቸው ወር፣ ሊገባ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ነበር። የልብስ ሻንጣው አንድ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ጥቁር ሣጥን። ሁለት ተሸካሚዎች ሣጥኖቹን እያጋደሙና እያቆሙ በጠባቡ ደረጃ ወደ ላይኛው ክፍል ሲያወጡ፣ አያቴ ናኹዳ ሐይደር ግቢያችን ውስጥ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ዕድሜያቸውን በመርከብ አዛዥነት ስላሳለፉ ከተማው በሙሉ ናኹዳ ነው የሚላቸው። አጎቴ ፊታቸው መጥቶ ቆመ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አባ።"

አያቴ ቀና አላሉም። ወደ እኔ ዞሩና፣ "ሞኒር፣ ለዚያ ሰውዬ ወአለይኩም ሰላም በይልኝ" አሉኝ።

አልኩለት። አዲስ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። አጎቴም ሳቅ ብሎ "ደኅና ናቸው ወይ በይልኝ" አለኝ። አያቴ "ደኅና ነን በይው" አሉ። ሁለቱ ሰዎች መሃል ቆሜ ኳስ እንደሚቀባበል ልጅ አንገቴን ወዲያና ወዲህ አዞርኩ።

የጨዋታውን ምክንያት የሰማሁት በሌላ ቀን ነው፣ ያውም ግማሹን። እናቴና ጎረቤታችን ኹርሺድ ኩሽና በር ላይ ተቀምጠው ሽሪምፕ ይልጣሉ።

"እናቱ ስትቀበር ያልመጣ ልጅ፣ አሁን ምን ሊያደርግ መጣ?" አለች ኹርሺድ።

"ፈተና ነበረበት።"

"የምን ፈተና? የመርከብ ሞተር?"

"የከበሮ" አለች እናቴ።

"በሞቴ! ከበሮም ፈተና አለው?"

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ እናቴ መላጡን ቀጠለች። እኔ ግን ልጣጩን ንጹሁ ሳህን ውስጥ፣ ሥጋውን ደግሞ ከቆሻሻው ጋር ስትጥል አየኋትና "እማ፣ ተሳሳትሽ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ያልኩት ነገር የገባት አልመሰለኝም።

አያቴ ልጃቸውን የላኩት የመርከብ ሞተር እንዲማር ነበር። እሱ ግን ሙዚቃ ደራሲና ከበሮ መቺ ሆነ፤ ያውም ከበሮውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያነጋግር። ይህን ለሰፈራችን ሰው ማስረዳት ቀላል አልነበረም። እናቴ "ኮምፒውተር ነው የተማረው" እያለች ትገላገለው ነበር።

እኔ ስለዚህ ሁሉ ደንታ አልነበረኝም። አባቴ ኻርግ ደሴት ላይ ነዳጅ ሥራ ነበር፤ ሲመጣ ይተኛል፣ ሲነቃ ይሄዳል። እናቴ ሥራ አታጣም። ከእኔ ጋር እንደ ትልቅ ሰው የሚያወራ የተገኘው አጎቴ ብቻ ነው። ክፍሉ በገመድ የተሞላ ነበር፤ እንዳልረግጠው በእግር ጣቴ ቆሜ እገባለሁ። ድምፅ ማጉያዎቹ በአራቱም ማዕዘን ቆመው ወደ አንዲት ወንበር ያያሉ፤ በዚያች ወንበር የሚቀመጠው እሱ ነው፣ ከፊቱ ከበሮ፣ ከጎኑ ላፕቶፕ።

"ነይ ስሚ" ይለኛል። "እውነቱን ንገሪኝ ታዲያ፣ እንዳትሸነግይኝ።"

"ዝናብ ይመስላል። ቆርቆሮ ላይ።"

"ጥሩ ነው?"

"ዝናቡ ጥሩ ነው። ቆርቆሮው ይረብሻል።"

ይስቅና እኔ እንዳልኩት ድምፁን ያስተካክላል። ከዚያ በኋላ እንደዚያ በሙሉ ጆሮው ያዳመጠኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ያሳሰበኝን ጠየቅሁት።

"ተመልሰህ ትሄዳለህ?"

"እሳቸው ያን ከበሮ አንገቴ ላይ ካንጠለጠሉልኝ የትም አልሄድም።"

"ካላንጠለጠሉልህስ?"

አንዱን መቆጣጠሪያ ያዞር ጀመር።

የትኛው ከበሮ እንደሆነ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። በእኛ ሰፈር በሙሐረም ሕዝቡን ለሐዘን የሚጠሩት ዳማም የምንላቸው ረጃጅም ከበሮዎች ናቸው፤ ከአንገት ይንጠለጠላሉ፣ አንዱ ፊታቸው በዱላ፣ ሌላው በእጅ ይመታል። ወንዶቹ ክብ ሠርተው ይቆሙና አንድ ምት ይይዛሉ። መሃል የሚቆመው አንድ ሰው ግን የያዙትን ይሰብራል። ሰባሪ ነው የሚባለው። እሱ በሰበረ ቁጥር እነሱ አጥብቀው ይይዛሉ። ሰባሪው ዱላውን አየር ላይ አቁሞ ዝም ካለ አለቀ ማለት ነው፤ ሁሉም በአንዴ ያቆማል። የሰፈራችን ሰባሪ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አያቴ ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን የሻይ ብርጭቆ ሲይዙ ማስቀመጫው ላይ ይንጫጫ ጀምሮ ነበር። እናቴ ብርጭቆውን ትታ በትልቅ ኩባያ ታቀርብላቸዋለች። ሁላችንም ኩባያውን እንዳላየ እናልፈዋለን።

በየዓመቱ ከሙሐረም በፊት የከበሮውን ቆዳ ማሟሸት አለ። አያቴ ከቀትር በፊት ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ቆዳውን እሳት ያሳዩታል፣ ገመዱን ያጠብቃሉ፣ ከዚያ ጥቂት ይመታሉ። አጎቴ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ አያቴ መምታት ሲጀምሩ ከላይኛው መስኮት አንድ ግራጫ፣ ጸጉራም ነገር በገመድ ተንጠልጥሎ ሲወርድ አየሁ። የድመት ግልገል መሰለኝ። ምን አጥፍታ ነው እንዲህ የተሰቀለችው ብዬ ሆዴ ባባ።

አያቴም አዩት። መምታታቸውን ሳያቆሙ፣ "ሞኒር፣ ያ ሰውዬ አይጡን እንዲሰበስብ ንገሪው" አሉኝ።

ሮጬ ነገርኩት። አጎቴ መስኮቱ ላይ ደረቱን አስደግፎ፣ "አይጥ አይደለችም በያቸው፤ ጆሮ ናት" አለ።

"ጆሮ ናት አለ" አልኳቸው።

"ለጆሮማ የራሱ ሁለት አለው። አልሠሩለትም እንጂ።"

አይጧ ግን አልተሰበሰበችም። አያቴም መምታቱን አላቆሙም። በማግስቱ ወንበራቸውን ከቁርቁራው ሥር አንስተው ወደ ግድግዳው፣ ከመስኮቱ ሥር አስጠጉት። እናቴ "ምነው አባ?" ስትላቸው "ወፎቹ ልብሴን አበላሹት" አሉ። እኔም ዛፉን ሽቅብ አየሁ። ወፎች ነበሩ።

አንድ ቀን አጎቴ አይጧን ሳያወርድ ቀረ። አያቴ ከበሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው ገመዱን አጠበቁ፤ ፈታ አደረጉት፤ እንደገና አጠበቁት። ቆዳውን ዳሰሱ። ሳሉ። መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱ።

"ሞኒር" አሉኝ በመጨረሻ፣ "ዛሬ አይጧ ታመመች እንዴ?"

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። አጎቴ ጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ራሱን ደግፎ አንቀላፍቶ ነበር። ቀሰቀስኩት፤ አወረዳት። አያቴ ያኔ ጀመሩ።

ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ይተኛል። እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም። ወደ አጎቴ ክፍል መግባት በዚያ ሰዓት ክልክል ነበር፤ "ሥራ ላይ ነው" ትላለች እናቴ። በባዶ እግሬ ወጥቼ በሩ ሥር፣ ቀዝቃዛው ንጣፍ ላይ ተጋድሜ ጆሮዬን ስንጥቁ ላይ አደርጋለሁ። መጀመሪያ የአጎቴ ምት ይመጣል፤ ደረቅ፣ ፈጣን፣ የሚቸኩል። ከዚያ ያቆማል። አንዲት ትንፋሽ ያህል ምንም የለም። በዚያች ክፍተት ሌላ ከበሮ ይገባል፤ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል። ከምቱ ኋላ ጠቅ የምትል ትንሽ ድምፅ አለች። እሷን ከሺህ ድምፅ መሃል እለያታለሁ። የአያቴ የዐቂቅ ድንጋይ ቀለበት የከበሮውን እንጨት ሲነካ ነው።

እንግዲህ አያቴ እዚያ ናቸው ማለት ነው። ቀን ቀን እየተኮራረፉ፣ ሰው ሲተኛ ተደብቀው አብረው ይመታሉ። ለማረጋገጥ ወርጄ ግቢውን አየሁ፤ ጫማቸው የለም። እናቴ እንዳታውቅ ይዘውት ወጥተዋል አልኩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ያለ ምስጢር ሲኖራቸው፣ እኔ ደግሞ ብቻዬን ሳውቅባቸው፣ ከደስታዬ ብዛት ሆዴን በእጄ ይዤ እስቅ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ዛሬ ነገሩ ግልጽ ነው። አያቴ ከምሳ በኋላ ባሕሩ ዳር፣ ከድሮ መርከበኞች ጋር ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡበት ሰዓት ነበር፤ ጫማቸው የሌለው ለዚያ ነው። ጉልበታቸውም ያን ደረጃ ከወጣ ዓመታት አልፎታል። በሩ ኋላ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይመታል፤ ማሽኑ ይሰማዋል፤ ክፍተት ሲተውለት በዚያች ጸጉራም ማይክሮፎን ከግቢው ከሰበሰበው ድምፅ መርጦ ይመልስለታል። ከባድ በር ነበር፤ ከዚያ በር ኋላ ያ ሰው ምን ያህል ብቻውን እንደነበረ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አይታያትም። እኔ የምቀናበት በክፍሉ ውስጥ ሰው መብዛቱ ነበር።

ሙሐረም ሊገባ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ወንዶቹ ግቢያችን ውስጥ ተሰበሰቡ። የዘንባባ ዝንጣፊ አንድደው ቆዳቸውን ያሞቃሉ። ዓሣ ሻጩ ማሽ ራጀብ፣ ከአያቴ ቀጥሎ ጥሩ መቺ የሚባለው፣ አጎቴን ደረጃው ላይ አየው።

"ሲያማክ! እኛን ናኹዳ ሲያስተምሩን በጥፊ ነበር። አንተን ማነው የሚያስተምርህ፣ ሶኬቱ?"

"ሶኬቱም አልፎ አልፎ በጥፊ ይላል" አለ አጎቴ።

"መብራት ቢጠፋስ? ሐዘናችንን አቁመን ጄነሬተር ልንጠብቅ ነው?"

"መብራት ሲጠፋ አንተን እጠራለኋ። አንተ መቼ ትጠፋለህ!"

ወንዶቹ ሳቁ። አያቴ አልሳቁም፤ ግን ከንፈራቸው ትንሽ ፈታ ሲል አይቻለሁ። ማሽ ራጀብ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ።

"ናኹዳ፣ ምናልባት እጅዎ ካስቸገረዎት..."

"እጄ ምን ሆነ?"

"ምንም።"

"ምንም ካልሆነ ምን ታየዋለህ?"

"እኔ አለሁ ለማለት ነው።"

"መኖርህን ማን ይረሳል! ዓሣህ ከሩቅ ይሸታል።"

እንደገና ሳቅ ሆነ። አያቴ ግን ቀኝ እጃቸውን ከነጠላ ልብሳቸው ሥር አስገብተው እስከ መጨረሻው አላወጡትም።

በሙሐረም ዘጠነኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሴቶቹ ሁሉ ሰገነት ላይ ነበርን። ጥቁር በጥቁር ላይ ተደርድረናል፤ የሰው ሁሉ ላብ ከጽጌረዳ ውኃ ጋር ተደባልቆ ይሸታል። ታች አደባባዩ ላይ ከበሮዎቹ ክብ ሠርተዋል፣ የነሐስ ሳህን የሚያጋጩት ከኋላቸው። የአጋዘን ቀንድ ተነፋ። አያቴ መሃል ገቡ።

መጀመሪያ እንደ ወትሮው ነበሩ። ምቱ በእግሬ በኩል ከድንጋዩ ገብቶ ሆዴ ድረስ ይወጣል። ከዚያ የዱላው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ጊዜ ዱላው ቆዳውን ሳይሆን ጠርዙን መታ። ወንዶቹ ምቱን ይዘው ቀጠሉ፤ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ሁለተኛ ጊዜ ዱላው ከእጃቸው ወደቀ።

ኹርሺድ ከጎኔ "ያ አላህ" አለች።

አያቴ ጎንበስ ብለው ዱላውን አነሱ። ማንገቻውን ከአንገታቸው አወጡ። ማሽ ራጀብ የራሱን ከበሮ ለሰው ሰጥቶ አንድ እርምጃ ተራመደ። አያቴ አልፈውት ሄዱ። ሕዝቡ መሃል፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው አጎቴ ፊት ደርሰው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ማንገቻውን አንገቱ ላይ አጠለቁለት።

እናቴ እጄን ጨመቀችው፤ ጣቶቼ እስኪነባበሩ። ከሴቶቹ አንዷ "ለዚያ? ለባለ ሽቦው?" ስትል ሰማሁ። እኔ ግን አልገረመኝም። ለምን ይገርመኛል? ስንት ቀን ሲለማመዱ ሰምቻቸዋለሁ።

ኦ፣ እንዴት መታ! ያ በስንጥቅ የምሰማው ደረቅና ችኩል ምት ሜዳ ሲያገኝ ሌላ ነገር ሆነ። ወንዶቹ ያዙ፤ ሰበረባቸው፤ አጥብቀው ያዙ፤ ባላሰቡት በኩል ገብቶ ሰበረባቸው። ማሽ ራጀብ ከበሮውን መልሶ አንጠልጥሎ፣ ሳይወድ በግዱ ራሱን ይነቀንቃል። ቅድም ያንሾካሾከችው ሴት ከሰገነቱ ጠርዝ አንገቷን አሰገገች። አጎቴ አይሄድም፤ በቃ አይሄድም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም፣ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያ ክፍል ነው ብዬ ከአሁኑ ዕቅድ እያወጣሁ ነበር።

ከዚያ ዱላውን አየር ላይ አቁሞ ዝም አለ።

ከበሮዎቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። የነሐስ ሳህኖቹ ቆሙ። ቀንዱ ብቻውን ትንሽ ቀጠለና እሱም አፍሮ ዝም አለ። ገና መሃሉ ላይ ነበርን፤ ሐዘንተኞቹ እንኳ ተሰብስበው አላለቁም። እንዲህ ያለ ነገር በሰፈራችን ሆኖ አያውቅም። የሰው ሁሉ ፊት ወደ አጎቴ ዞረ። እሱ ግን ሰውን አላየም። አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

አሁን ይገባኛል። ለዓመታት አብሮት የሚመታው ማሽን ነበር፤ ክፍተት ካልተወለት የማይመልስ ማሽን። እጁ ያን ለምዷል። ሰባሪ ዝም ካለ አለቀ ማለት እንደሆነ ከማንም ይልቅ የሚያውቅ የናኹዳ ሐይደር ልጅ፣ ምቱ ሲጥመው፣ ልቡ ሲሞላ፣ ሳያስበው እንደ ልማዱ ክፍተቱን ተወ። መልስ ጠበቀ።

እኔም ጠበቅሁ። አሁን አባባ ይመልሱለታል አልኩ። ዐይኔን ከአያቴ አልነቀልኩም። ግድግዳው ሥር፣ ባዶ እጃቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል።

ቀኝ እጃቸው ተነሣ። ደረታቸውን መታ። አንድ ጊዜ።

ማሽ ራጀብ "ያ ሁሴን!" ብሎ ጮኸ። ያኔ ሕዝቡ ሁሉ ተቀበለው፤ ሺህ እጅ ሺህ ደረት መታ፤ ያ አስፈሪ ጸጥታ ተሸፈነ። ማሽ ራጀብ የራሱን አውርዶ፣ ከበሮውን ከአጎቴ አንገት አውልቆ የራሱ አንገት ላይ አደረገና ቀጠለ። አጎቴ በሰው መሃል ሾልኮ ጠፋ። እናቴ በጥቁር ልብሷ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። የሐዘኑ ቀን ነውና አለቀሰች አልኩ።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አጎቴ ክፍሉ መሃል ቆሞ ገመድ በክርኑና በመዳፉ ላይ ይጠቀልላል፤ መረቡን እንደሚሰበስብ ዓሣ አጥማጅ።

"መለሱልህ!" አልኩት እያለከለክሁ።

"ማን?"

"አባባ ነዋ! ዝም ስትል መለሱልህ። አይቻለሁ። እንደ ሁልጊዜው!"

"እንደ ምን ሁልጊዜው?"

"ከምሳ በኋላ እንደምትመቱት።" ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። "ለማንም አልተናገርኩም።"

ገመዱን መጠቅለል ተወ።

"እሳቸው መሆናቸውን በምን አወቅሽ?"

"በቀለበታቸው።"

አንዱ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። የተዘጋውን ላፕቶፕ በመዳፉ ዳበስ አደረገ፤ ሰው ጀርባ እንደሚዳበስ።

"ሞኒር፣ ዛሬ ደረቱን ያልመታ ሰው ነበር?"

"አልነበረም።"

"እንግዲህ።"

"እሳቸው ግን ከሁሉም ቀድመው ነው የመቱት።"

"ቀድመው?"

"አዎ።"

ገመዱን አንስቶ ቀጠለ። እኔም ዛሬ ብትጠይቁኝ፣ ቀድመው ይሁን አይሁን እምላለሁ ለማለት አልደፍርም። ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንዳመላለስኩት እኔው አውቃለሁ፤ በተመላለሰ ቁጥር ያ እጅ ትንሽ ቀደም ብሎ ይነሣል።

ከዚያ ቀን ሳምንት ሳይሞላ ሄደ። ሣጥኖቹ በዚያው ደረጃ እየተጋደሙና እየቆሙ ወረዱ። አያቴ ከመስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ናቸው። አጎቴ ፊታቸው ቆመ።

"ሞኒር" አሉ አያቴ፤ "ለዚያ ሰውዬ..." አሉና ቆሙ።

"ምን ልበለው፣ አባባ?"

"መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ በይው።"

አልኩት።

"አሜን በይልኝ" አለ አጎቴ።

አልኳቸው። ጨዋታው ግን አላስደሰተኝም።

ከዚያ በኋላ አያቴ ከበሮውን በጨርቅ ጠቅልለው ምስማር ላይ ሰቀሉት፤ አልነኩትም። ወንበሩን ግን አላነሡም። እናቴ በየቀኑ ትጨቃጨቃቸዋለች። "አባ፣ አናትዎ ላይ ወጣ እኮ ፀሐዩ! ወደ ጥላው ይምጡ።" እሳቸው "እዚህ ይሻለኛል" ይላሉ። ሽማግሌ ይበርደዋል ብዬ አሰብኩ። ዓመቱ ዞሮ ሙሐረም ሳይገባ፣ በእንቅልፋቸው ሞቱ። አጎቴ ስልክ ደወለ፤ አልመጣም።

እኔም በተራዬ ባሕር ማዶ ሄድኩ፤ ሐምቡርግ የሕንፃ ምህንድስና ተማርኩ። አንድ ምሽት የአጎቴን ስም ከነፎቶው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየሁና ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ብቻውን ነው፤ ከበሮ፣ ኮምፒውተር፣ አራት ድምፅ ማጉያ። መታ፤ አቆመ፤ አንገቱን ዘንበል አደረገ። በዚያች ክፍተት ያ ወፍራም ምት ከግድግዳው ሁሉ ወጣ፤ ከኋላውም ጠቅ የምትለዋ። ያኔ ነው የበሩ ምስጢር የገባኝ፣ እንደ ተወረወረ ድንጋይ በአንዴ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ዐይናቸውን ጨፍነው በደስታ ይሰማሉ። እኔ የሞተ ሰው ቀለበት ነበር የምሰማው።

ሲያልቅ መድረኩ ጋ ሄድኩ። አቀፈኝ፤ አደግሽ አለኝ። ገመዱን በክርኑ ላይ እየጠቀለለ ነበር።

"የእሳቸው ነው፣ አይደል?" አልኩት።

"የቱ?"

"ቀለበቱ።"

"ጥሩ ድምፅ ነው" አለና ቀና ሳይል ጥቅሉን አሰረ። ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ። ሻይ እንጠጣለን ተባባልን፤ አልጠጣንም።

ዘንድሮ ወደ ቡሽህር የተመለስኩት ለጥቂት ሳምንት ብዬ ነበር። እናቴ ሺራዝ ነው የምትኖረው፤ ቤቱ ባዶ ነው። ልቆይ ወይስ ልሂድ እያልኩ ወሩ አለቀ። አንድ ቀን ከቀትር በፊት፣ ያ የማሟሸት ሰዓት ሲደርስ፣ ከመስኮቱ ሥር የተረሳው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አናቴን የወጋኝ ያኔ ነው። ፀሐዩ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ድንጋዩ መልሶ ይተፋዋል። ጀርባዬ በላብ ራሰ። ፊት ለፊቴ፣ ስድስት ሰባት እርምጃ ማዶ፣ የቁርቁራው ጥላ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል። ሕንፃ ስሠራ ጥላና ፀሐይ መለካት ሥራዬ ነው፤ ይህን ግን ለክቼ የማላውቀው ነገር ነበር። አንድ የሚንቀጠቀጥ እጅ ያላቸው ሽማግሌ በዚህ ሰዓት እዚህ የሚቀመጡበት አንድም ምክንያት የለም፤ ከላይ የምትወርደዋ ጆሮ በደንብ እንድትሰማቸው ካልሆነ በቀር።

አጎቴ ይህን አላየም። መስኮቱ ላይ ቆሞ የሚያየው የድምፁን መለኪያ ነበር።

ተነሥቼ ከበሮውን ከምስማሩ አወረድኩ፤ ስልኬንም እንዲቀዳ ከፍቼ አጠገቤ አኖርኩ። ሴት ልጅ ዳማም አትመታም፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ቆዳው ደርቋል። የአጎቴን የምት መግቢያ፣ በበሩ ስንጥቅ የተማርኩትን፣ እንደምንም መታሁ። ከዚያ ዝም አልኩ። ቅጂውን አላቆምኩም። ወፎች ነበሩ፣ ሩቅ የመርከብ ጡሩምባም ነበር። ክፍተቱን እንዳለ ተውኩለትና ላክሁለት። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "አጎቴ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያስጠጉት በወፎቹ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ ተቀመጥኩበት። ቦታው ፀሐይ ነው።"

ከመልእክቱ ሥር ያሉት ሁለት ምልክቶች ማምሻውን ሰማያዊ ሆኑ። አዳምጦታል ማለት ነው።

ይሄው ሙሐረም ገብቶ ወጣ። አልመለሰልኝም።